ስለ አደራና በጃቫ ባሕር ስለ ጠፋው ዓሣ

አደራ ማለት የአንዱ ሰው ገንዘብ በሌላው ሰው እጅ መቀመጡ ነው። ተቀባዩም ገንዘቡን እንደ ራሱ ገንዘብ አድርጎ ሊጠብቀው እንደሚገባ ሕግ ዐዋቂውም ባላገሩም በአንድ ቃል ይናገራሉ። ነገር ግን ከአደራ ሁሉ ይልቅ ለፍርድ የሚያስቸግር አንድ አለ፤ ይኸውም ታስሮና ታትሞ የተሰጠ፥ ተቀባዩም በውስጡ ያለውን ሳያይ የተረከበው ከረጢት ነው። ይህ ከረጢት በተቀባዩ ቤት ሳለ በቸልታ ቢጠፋ፥ ተቀባዩ «ምን እንደ ነበረበት አላውቅም፤ የማላውቀውን ነገር አጠፋህ ተብዬ ልጠየቅ አይገባኝም» ለማለት ይችላልን? ዳኛስ ይህን ቃል ተቀብሎ ያሰናብተዋልን?

ይህ ጥያቄ ለመምህራን አዲስ አይደለም፤ ነገር ግን በ2023 ዓ.ም. መጨረሻ ወር አዲስ ምክንያት አግኝቷል (በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ምክንያቱም አንድ ትንሽ ዓሣ ነው። በ1948 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በፎንቴንብሎ ከተማ የተመሠረተው የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት፥ ለጥፋት የቀረቡትን ፍጥረቶች በሚጽፍበት ቀይ መዝገብ ላይ፥ በጃቫ ደሴት ባሕር ዳርቻ ይኖር የነበረውን አንድ ጠፍጣፋ ዓሣ ፈጽሞ ጠፍቷል ብሎ ጻፈው። ይህ ዓሣ በሊቃውንት ዘንድ ኡሮሎፉስ ጃቫኒኩስ ይባላል። በባሕር ከሚኖሩት ዓሦች ወገን በሰው ሥራ ምክንያት ጠፋ ተብሎ የተጻፈበትና ጽሕፈቱም ሳይፋቅ የጸናበት የመጀመሪያው እርሱ ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። የፕሩስያ መንግሥት ወደ ሩቅ ምሥራቅ የላከውን የመልእክተኞች ጉዞ ተከትሎ የሄደ ኤድዋርድ ፎን ማርቴንስ የተባለ ጀርመናዊ የእንስሳት ሊቅ ነበረ። እርሱም በ1862 ዓ.ም. ያን ጊዜ በሆላንድ አገዛዝ ሥር ባታቪያ ትባል ከነበረችው፥ ዛሬ ጃካርታ ከምትባለው ከተማ የዓሣ ገበያ፥ ለመብል ከቀረቡት መካከል ከዚያ በፊት በመጽሐፍ ያልተጻፈ አንድ ዓሣ አገኘ። ርዝመቱ 33 ሴንቲ ሜትር፥ ፆታውም ሴት ነበረ። ያችን ዓሣ ወደ በርሊን አድርሶ በ1864 ዓ.ም. መልኳን ዘርዝሮ ጻፈላት፤ በተገኘችበትም ደሴት ስም ሰየማት። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ አልተገኘም። ስለዚህ ነገድ በሰው ዘንድ ያለው ዕውቀት ሁሉ ከዚያች ከአንዲት ሴት ዓሣ አካል የተቀዳ ነው።

ገላዋ እንደ ትንሽ ሰፌድ የተዘረጋ ሆኖ ከወርዱ ይልቅ ርዝመቱ ይበልጣል፤ ከላይ ቡናማ ነው፥ ደብዛዛ ነጠብጣብም አለበት። ጅራቷ አጭር ነው፤ ጫፉ እንደ ቅጠል ይሰፋል፥ በላዩም መርዛም እሾኽ ተተክሎበታል። ይህ እሾኽ ለአደን የተሰጠ መሣሪያ አይደለም፤ ከላይ የሚመጣባትን ጠላት ለመከልከል ብቻ የተሰጠ ነው። የእርስዋ ዘመዶች የሆኑት ነገዶች አብዛኞቹ በአውስትራልያ ዙሪያ ይገኛሉ፤ ኑሯቸውም ከባሕር ወለል ላይ ነው። ከአካላቸው ላይ አሸዋ አልብሰው ዓይናቸውን ብቻ ወደ ላይ ያደርጋሉ፤ አፋቸው ግን ከሆዳቸው በኩል ነው። እንደ ሌሎቹ ዓሦች በሺህ የሚቈጠር ዕንቍላል በውሃ ላይ አይበትኑም፤ ልጆቻቸውን በማኅፀን ተሸክመው፥ ከማኅፀንም ውስጥ ወተት በሚመስል ፈሳሽ እየመገቡ፥ ሕያዋን አድርገው ይወልዳሉ። የሚወልዱትም ጥቂት ነው። ስለዚህ ከእነርሱ አንዲት እናት በተያዘች ጊዜ የሚጐድለው ከሌላው ዓሣ ጉድለት ይበልጣል።

የጥንት አበው ከግሪክ ቋንቋ ወደ ግእዝ የመለሱት ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍ የአራዊትንና የአዕዋፍን ጠባይ እየተናገረ በየጠባያቸው ምሥጢር ይተረጕማል። የዚህን ዓሣ ጠባይ ግን የተናገረ አንድም ሰው የለም። የሚበላው፥ የሚወልድበት ወራት፥ በምን ያህል ጥልቀት እንደሚያድር ሳይጻፍ ቀረ፤ ለምሳሌ እንኳ ሳይደርስ አለፈ።

የጠፋበት ምክንያት ግን ከስፍራውና ከዘመኑ ይታወቃል። የጃቫ ባሕር ጥልቀት የለውም፤ በአማካይ 46 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ መረብ ያልደረሰበት ወለል ማግኘት ያስቸግራል። ዓሣ ማጥመድም በዚያ ዳርቻ ያለ ልክና ያለ ሕግ ሲደረግ የቈየ ሥራ ስለ ሆነ፥ ገና ከ1870ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በባሕሩ ጠረፍ የሚገኘው ዓሣ እያነሰ ሄዶ ነበር። ከዚያም በኋላ የጃካርታ ወሽመጥ የፋብሪካና የወደብ ስፍራ ሆነ፤ ዳርቻው ተደለደለ፥ ውሃውም ቈሸሸ። ይህን ዓሣ ፈልጎ ያሳደደ ሰው ነበረ ለማለት የሚያስችል ነገር የለም፤ ስሙን የሚያውቀው እንኳ አልነበረም። ሌላውን ለመያዝ በተጣለው መረብ ከሌላው ጋር ወጣ፤ ከሌላውም ጋር ወደ ገበያ ሄደ።

እንግዲህ ጥያቄው ከዚህ ላይ ይነሣል። ማንም ያላወቀው፥ ማንም ያልወደደው፥ ማንም ያልጠላው ፍጡር ቢጠፋ ዕዳው በማን ላይ ይሆናል? ወይስ ከቶ ዕዳ የለበትም?

ዕዳ የለበትም የሚሉ ሰዎች ሦስት ነገር ያቀርባሉ። አንደኛው ጥቅም ነው፤ ይህ ዓሣ ቢኖርም ለሰው አልረባም፥ ቢጠፋም ማዕድ አላጐደለም ይላሉ። ለዚህ ቃል ረጅም መልስ አያሻም። ፍጥረት ሁሉ የተፈጠረበት ምክንያት በሰው ሆድ የሚመዘን ቢሆን ኖሮ፥ በዕለተ ሐሙስ ከባሕር ከወጡት ሕያዋን አብዛኞቹ ያለ ምክንያት ተፈጠሩ ማለት በሆነ ነበር፤ ይህንም ከሥነ ፍጥረት መምህራን የተናገረ የለም። ሁለተኛው፥ ነገዶች ሰው ሳይኖርም ሲጠፉ ኖረዋል፥ በድንጋይ ውስጥ የሚገኘው የአጥንታቸው ምልክት ምስክር ነው የሚለው ነው። ነገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ ሟች በመሆኑ ነፍሰ ገዳይ ከፍርድ እንደማይድን ሁሉ፥ ይህም ምክንያት አጥፊውን ነጻ አያወጣውም።

ሦስተኛው ግን ብርቱ ነው፤ በቀላሉም አይመለስም። ዕውቀት በሌለበት ፈቃድ የለም፥ ፈቃድም በሌለበት በደል የለም ይላል። አጥማጁ በመረቡ ውስጥ ያለው የነገዱ የመጨረሻ ይሁን ወይም የሺህ ወንድሞች ወንድም ይሁን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ምሽትና ልጆች አሉት፤ ማታ ይዞ የሚገባው ነገር ያሻዋል። የገዛችውም ሴት ለወጥ ገዛች። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ክፉ ሰው ቢፈለግ አይገኝም። ኃጢአተኛ የሌለው ኃጢአት እንዴት ይሆናል?

የኦሪት ሕግ በዚህ ነገር ላይ የሚያስገርም ጥንቃቄ አለው። በዘዳግም መጽሐፍ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር እንዳይወስድ ታዟል፤ ጫጩቶቹን ሊወስድ ይችላል፥ እናቲቱን ግን ይለቅቃታል። ሕጉ መብላትን አልከለከለም፤ ፍሬውን ከነሥሩ መንቀልን ግን ከለከለ። ይህንንም ለመፈጸም የሚችል በእጁ የሚይዝ፥ በዓይኑም የሚለይ ሰው ነው። መረብ ግን እናትን ከልጅ አይለይም፤ ይልቁንም እናት ልጆቿን በማኅፀኗ የተሸከመች እንደ ሆነ ሊለይ የሚችል የለም። እንግዲህ በደሉ ከአጥማጁ ልብ ሳይሆን ከመሣሪያውና መሣሪያውን ያለ ልክ ካሰማራው ሥርዓት ይፈለጋል።

ደግሞም በዘሌዋውያን መጽሐፍ ማኅበር በሙሉ ሳያውቅ ቢስት፥ ነገሩም ከዓይኑ ተሰውሮ ቢቈይ፥ በታወቀ ጊዜ መሥዋዕት ያቀርብ ዘንድ ተጽፏል። ለአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ለጉባኤው ሁሉ መጻፉን ማስተዋል ይገባል። ሕጉ ከጉባኤው መካከል አንዱን ክፉ ሰው ፈልጋችሁ አውጡ አላለም፤ አለማወቁንም እንደ ንጽሕና አልቈጠረለትም። ሳያውቅ መሳቱን አምኖለታል፤ ከታወቀ በኋላ ግን እንዳልታወቀ ሆኖ እንዲቀመጥ አልፈቀደለትም። ስለዚህ ኃጢአተኛ የሌለው ኃጢአት እንዴት ይሆናል ለሚል ጥያቄ ከዚህ መልስ ይገኛል፤ የጉባኤ ስሕተት ለእያንዳንዱ ሰው ሲከፋፈል ኢምንት ይመስላል፥ ሲደመር ግን አንድ ነገድ ይውጣል።

ይህ እንዲያው በቃል የተባለ እንዳይመስል የጃቫን አጥማጆች ነገር ማየት ይበቃል። በሃያኛው መቶ ዓመት ሞተር ያላቸው መርከቦች የባሕሩን ወለል እየጠረገ የሚሄድ ታላቅ መረብ መጐተት በጀመሩ ጊዜ፥ የተቃወሟቸው ሊቃውንት ብቻ አልነበሩም፤ በትንሽ ጀልባ የሚያጠምዱት ድኆች ነበሩ። ጠቡም እየበረታ ሄዶ ደም እስከ ማፍሰስ ደረሰ። በ1980 ዓ.ም. የኢንዶኔዥያ መንግሥት ይህን የሚጐተት መረብ በአዋጅ ከለከለ፤ ክልከላውም በጃቫና በባሊ ባሕር ጀመረ። ለዚህ ዓሣ ታስቦ የተደረገ አይደለም። ነገር ግን ጉባኤ ስሕተቱን ባወቀ ጊዜ እጁን ሊሰበስብ እንደሚችል፥ የሚያነቃውም ብዙ ጊዜ ከባሕሩ አጠገብ የሚኖረው ድኻ እንደ ሆነ ያሳያል። ጥፋቱን በአጥማጁ ላይ ብቻ መጫን የሚወዱ የከተማ ሰዎች ይህን ቢያስቡት መልካም ነበር።

ወደ ታተመው ከረጢት እንመለስ ቢባል፥ በኦሪት ዘፍጥረት ሰው በተፈጠረ ጊዜ በባሕር ዓሦች ላይ ተሾመ። ነገር ግን ስም ያወጣላቸው ዘንድ ወደ አዳም የቀረቡት የምድር አራዊትና የሰማይ ወፎች መሆናቸው ተጽፎ ሳለ፥ ዓሦች ቀረቡ የሚል ቃል አይገኝም። ከዚህ ዝምታ ብዙ ምሥጢር ማውጣት የመምህራን ድርሻ ነው፤ ለዚህ ጕዳይ ግን አንድ ነገር ይበቃል። ሰው በዓሦች ላይ የተሾመው ስማቸውን ሳያውቅ ነው። ሕዝቡን ሳይቈጥር የተሾመ ሹም ከሕዝቡ አንዱ ቢጠፋ «በመዝገቤ አልነበረም» ብሎ ቢመልስ፥ ሿሚው መዝገቡን አለመሙላቱን በደል አድርጎ ይጨምርበታል እንጂ ለምሕረት አይቈጥርለትም።

በወንጌል ደግሞ ጌታ በገበያ በጥቂት ገንዘብ ስለሚሸጡት ድንቢጦች ሲያስተምር፥ ከእነርሱ አንዲቱ እንኳ በእግዚአብሔር ፊት እንዳልተረሳች ተናገረ። ድንቢጦቹም የተነሡት በዱር ሳሉ ሳይሆን በገበያ ዋጋቸው ተቈርጦ ሳለ መሆኑ ያስገርማል። ከዚህ ቃል ተነሥቶ «እግዚአብሔር ካልረሳው ለዚያ ዓሣ ምን ቀረበት? ሰው ቢረሳውስ ምን ይጐዳዋል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ ቃል መንፈሳዊ ይመስላል፤ ነገር ግን የአደራን ሕግ ይገለብጠዋል። ከረጢቱን ያተመው ባለቤት በውስጡ ያለውን ያውቃል። ተቀባዩ ባያውቅም ባለቤቱ አንድ በአንድ ቈጥሮ አስቀምጧል። ስለዚህ የባለቤቱ ማወቅ ተቀባዩን የሚያሳርፈው አይደለም፤ ይልቁንም ሒሳብ የሚጠየቅበት ምክንያት ይህ ነው። ባለቤቱም ቢረሳው ኖሮ በእርግጥ ዕዳ ባልኖረ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ሌላ ጭንቅ አለ፤ ይኸውም የሞትን ፍርድ ለመፍረድ ያለው ጭንቅ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የታየ ፍጡር ሞተ ሊባል በምን ይቻላል? ባሕር እንደ ቤት ተፈትሾ አያልቅም። የኅብረቱ ሥርዓት ከነገዱ የመጨረሻው መሞቱ በአእምሮ የማያጠራጥር ሆኖ ሲገኝ ብቻ ጠፍቷል እንዲባል ያዛል። ይህም ሆኖ ስሕተት ሊገኝ እንደሚችል ከታስማንያ ባሕር የተገኘ አንድ ዓሣ ያስተምራል። ይህ ዓሣ በክንፎቹ እንደ እጅ እየተመረኰዘ በባሕር ወለል የሚሄድ ነገድ ነው፤ በ1802 ዓ.ም. ገደማ ተገኝቶ እርሱም እንደዚሁ በአንድ አካል ብቻ የታወቀ ነበር። በ2020 ዓ.ም. ጠፍቷል ተብሎ ተጻፈ፤ በ2021 ዓ.ም. ግን ለዚህ ፍርድ ማስረጃው አይበቃም ተብሎ ጽሕፈቱ ተመለሰ። ያልሞተውን ሞተ ማለት ቀላል ነገር አይደለም፤ የሞተ ነው ከተባለ በኋላ የሚጠብቀው አይኖርምና። የሞተውን አለ ማለት ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው፤ ጉባኤው ስሕተቱን ከማወቅ ይዘገያልና።

በጃቫው ዓሣ ላይ የተፈረደው ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ በኋላ ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ዓሣ ከጀልባ በሚወርድባቸው ስፍራዎች ብዙ ምርመራ ተደረገ፤ ጠፍጣፋ ዓሦች በየነገዳቸው ተለይተው ተጻፉ፤ ይህ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልተገኘም። በአውስትራልያ ያለው የቻርልስ ዳርዊን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከሌሎች ጋር ሆነው ያለውን ማስረጃ ሁሉ መዘኑት፤ ከዚያ በኋላ ተጻፈ። የመጨረሻው የሞተበት ቀን ግን በማንም መዝገብ የለም። ምናልባት ፍርዱ ከሞቱ በኋላ መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ የመጣ ይሆናል።

ስለ ፎን ማርቴንስም አንድ ነገር ሊባል ይገባል። አንዳንድ ሰው፥ ሊቁ ዓሣውን ወስዶ ስም ከመስጠት በቀር ምን አደረገለት ብሎ ይነቅፈው ይሆናል። ነቀፋው ትክክል አይደለም። እርሱ ያን ቀን በገበያው ባያልፍ ኖሮ፥ ወይም አይቶ ዝም ብሎ ቢሄድ ኖሮ፥ ዓሣው ከመጥፋት አይድንም ነበር፤ መጥፋቱ ግን ከቶ አይታወቅም ነበር። ከረጢቱን በጥቂቱ ከፍቶ ያየ እርሱ ብቻ ነው። ይልቁንም የሚያስፈራው ሌላው ነገር ነው፤ ሊቅ ባላለፈበት ገበያ፥ ስም ሳይወጣላቸው ወደ ድስት የገቡት ነገዶች በምንም መዝገብ አይገኙም፤ እነርሱን ጠፉ ብሎ የሚጽፍም አይኖርም።

ስም ያላቸውም ቢሆኑ ደኅና አይደሉም። በ2021 ዓ.ም. በወጣው ምርመራ መሠረት ከሻርኮችና ከእነዚህ ጠፍጣፋ ዓሦች ነገዶች ከሦስት አንድ እጅ የሚበልጡት ለመጥፋት ቀርበዋል፤ ዋናውም ምክንያት ከልክ ያለፈ ማጥመድ ነው። ከአገሮችም ሁሉ እነዚህን በብዛት ከሚያጠምዱት ኢንዶኔዥያ አንዷ ናት። በጃካርታ ወደብ ዛሬም ጠፍጣፋ ዓሦች ከጀልባ ይወርዳሉ፤ ዛሬም ለሸማች ይዘረጋሉ። ከእነርሱ ስንቱ እናት እንደ ሆነች በሚዛን አይታይም።

ከባታቪያ የሄደችው ሴት ዓሣ በበርሊን የተፈጥሮ ቤተ መዘክር አለች። በ1945 ዓ.ም. በየካቲት ወር ከአውሮፕላን የተጣለ ቦምብ የዚያን ቤት ምሥራቃዊ ክንፍ አፈረሰው፤ እርስዋን ግን አላገኛትም። በ1862 ዓ.ም. በዚያ ገበያ ከእርስዋ ጋር የተዘረጉት ዓሦች ተሸጠው ተበሉ።